ትርንጎ፣ ቦጊና ትኩሱ ድንች

ጠጋ በሉ፤ ብርድ ልብሱንም ሳብ አድርጉት። የዛሬው ታሪክ ይበርዳል፤ ትንሽም ያስፈራል።

መንዝ ውስጥ፣ ነፋሱ ጆሮ በሚቆነጥጥበት አንድ ቀበሌ፣ ትርንጎ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች።

ትርንጎ ከበግ ፀጉር የተሠራ ቀይ ቆብ ነበራት። ቆቡን የምታወልቀው ስትተኛ ብቻ ነው።

ደግሞ ገብስማ የምትባል ዶሮና አንድ አውራ ዶሮ ነበሯት። ገብስማ በቅርቡ ጫጩቶች ፈልፍላለች። ጲው! ጲው! ጲው!

ትርንጎ በየቀኑ ትቆጥራቸዋለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።

በዚያ ሰሞን ግን ትልልቅ ሰዎች የሚያወሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ፈንግል ገብቷል ይባባላሉ።

ፈንግል የዶሮ በሽታ ነው። ማታ ደህና የነበረችው ዶሮ ጠዋት አንገቷን አጣማ ትገኛለች።

ከወንዙ ማዶ ዶሮዎቹ ሁሉ አልቀው ነበር። እዚያ ጠዋት ጠዋት ኩኩሉ የሚል አውራ ዶሮ እንኳ አልቀረም።

ትርንጎ ይህን ስትሰማ ፈራች። ልቧ ድው! ድው! ድው! አለ።

ሮጣ ሄዳ ጫጩቶቿን ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።

የትርንጎ እናት ይመኙሻል ትባላለች። የምትሠራው ከቤታቸው ጎን፣ በቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ነው።

እናቷ አይዞሽ አለቻት። የፈንግል ክትባት ስለመጣ ነገ ገብስማም ጫጩቶቿም፣ የጎረቤት ዶሮዎችም ሁሉ ይከተባሉ።

ክትባቱ ጤና ኬላው ውስጥ፣ በትልቅ ነጭ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጧል። ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት ኡምምምም… ይላል።

ትርንጎ ያን ድምፅ አትወደውም። የሆነ ነገር ውስጡ ተቀምጦ የሚያጉረመርም ይመስላታል።

በዚያው ዕለት ጠዋት እናቷ ፍርሃቷ እንዲለቃት ብላ ማቀዝቀዣውን ከፍታ አሳየቻት። ብርዱ ፊቷ ላይ ሽው አለ።

ከላይ ክትባቶቹ በሣጥን በሣጥን ተደርድረዋል። ከታች ደግሞ አንዲት ትንሽ ነጭ ነገር ብቻዋን ተቀምጣለች።

ትንሿ ነገር አረንጓዴ መብራት አላት። ቦግ… እልም። ቦግ… እልም።

እናቷ ቁጭ ብላ አስረዳቻት። ክትባት ብርድ ይወዳል፤ ከሞቀው ይበላሻል። ሲበላሽ ግን አይሸትም፣ ቀለሙም አይለወጥም፣ ሰው በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

ይቺ ትንሽ ነገር ግን ታውቃለች። ሳትተኛ ብርዱን ትለካለች፤ ሙቀት ከተሰማት ለእናቷና ለዶሮ ሐኪሙ ለጋሼ ጥላዬ በስልክ ትናገራለች። የትም ቢሆኑ ትናገራለች።

ትርንጎ ስም አወጣችላት። ቦጊ አለቻት።

እናቷ በሩን ዘጋች። ድብ!

«ያለ እኔ ይህን በር እንዳትከፍቺ» አለች። ትርንጎ እሺ አለች።

ከዚያ እናቷ ሰዎች ነገ ዶሮ ይዘው እንዲመጡ ልትነግር ወደ ጎረቤት ሄደች። ትርንጎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ኡምምምም…

ትርንጎ ግን ቦጊን ከሐሳቧ ማውጣት አልቻለችም። ብቻዋን ናት፤ ጨለማ ውስጥ ናት፤ በዚያ ላይ ብርዱ! ቆብ እንኳ የላትም።

በነትርንጎ አገር ልጅ ሲበርደው ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ? ትኩስ የተቀቀለ ድንች እጁ ላይ ይደረግለታል። መጀመሪያ እጅ ያሞቃል፣ ኋላ ይበላል።

የትርንጎም ድንች እጇ ላይ ነበር። ገና ትኩስ ነው። ድንቹን አየች፤ በሩን አየች፤ ድንቹን አየች።

አሁን እናንተ «ተይ ትርንጎ!» ሳትሉ አትቀሩም። እኔም ብያት ነበር፤ ማን ሰምቶኝ!

ትርንጎ በሩን ከፈተች። ኡምምምም… ልቧ ድው! ድው! ድው! አለ።

ቀይ ቆቧን አወለቀች። ቦጊን ከነትኩሱ ድንች ቆቡ ውስጥ ከተተቻት።

«አሁን ይሞቅሻል» አለቻት። በሩንም ዘጋች። ድብ!

ወደ ጫጩቶቿ ስትመለስ ደስ ብሏት ነበር። ጆሮዋን ብቻ ነፋሱ ቆነጠጣት።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት…

ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!

ገብስማ ክንፏን ዘርግታ ጫጩቶቿን ሰበሰበች። ድምፁ የመጣው ከማቀዝቀዣው ውስጥ ነው።

ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!

ትርንጎ ሮጣ በሩን ከፈተች። ቆቡ ውስጥ ቀይ መብራት ቶሎ ቶሎ ይላል። ቦግ እልም ቦግ እልም ቦግ እልም!

ያን ጊዜ ነው የደነገጠችው። ቦጊን ቦታዋ መለሰች፤ ቆቡንም ድንቹንም አፈፍ አድርጋ በሩን ዘጋች፤ ከዶሮ መኖው ጆንያዎች ጀርባ ገብታ ተደበቀች።

ድው! ድው! ድው!

እናቷ እየሮጠች መጣች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጎትታል፤ እጇ ላይ ያለው ስልክም ጢጥ! ጢጥ! ይላል።

ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ክትባቱ እንደተደረደረ ነው፤ ቦጊም ቦታዋ ላይ ናት። ምንም የተለየ ነገር አላየችም።

ጥቂት ቆይቶ ጩኸቱ ቆመ። ቀዩ መብራትም ወደ አረንጓዴ ተመለሰ። ቦግ… እልም።

እናቷ ግን ደስ አላላትም። አንዴ የሞቀ ክትባት መልሶ ቢቀዘቅዝም አይድንም።

ስልኩ ጮኸ። ጋሼ ጥላዬ ነበሩ፤ የቦጊ መልእክት ከተማ ድረስ ደርሷቸዋል። አሁኑኑ በሞተር እመጣለሁ አሉ።

«ለምን እንደሞቀ ካላወቅን ለአንድም ዶሮ አንሰጠውም፤ እንቀብረዋለን» አሉ። ሌላ ክትባት የሚመጣው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ትርንጎ ከጆንያው ጀርባ ሁሉንም ሰማች። ሁለት ሳምንት! ፈንግል ወንዙን ለመሻገር ሁለት ሳምንት አይፈጅበትም።

እናቷ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

ትርንጎ እናቷ ስትፈራ አይታ አታውቅም ነበር። ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይህ ነው።

ድርርርርር! ሞተሩ ደረሰ። ጋሼ ጥላዬ ረጅም ካፖርታቸውን እንደለበሱ ገቡ፤ ቦጊን አዩ፣ ስልካቸውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ዶማ አነሱና ወደ ጓሮ ወጡ። መሬቱ ድንጋያማ ነው። ኳ! ኳ! ኳ!

ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው፤ ለክትባቱ።

ኳ! ኳ! ኳ!

ትርንጎ ቆቧን ከነድንቹ ደረቷ ላይ ታቅፋለች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ድንቹን ብትበላው ደግሞ አለቀ፣ ደቀቀ!

ብትናገር ግን እናቷ ትቆጣታለች። ጋሼ ጥላዬም ያንን ትልቅ ፂማቸውን ይዘው ያፈጡባታል። ምን ጉድ ውስጥ ገባች?

ኳ! ኳ! ኳ!

ገብስማ ከደጅ ትጣራለች፤ ጫጩቶቹም ይመልሱላታል። ጲው! ጲው! ጲው!

ትርንጎ በሹክሹክታ ቆጠረች። አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት… አምስት… ስድስት… ሰባት።

ከዚያ ከጆንያው ጀርባ ወጣች። እንባዋ አፍንጫዋ ላይ ደርሷል።

ወደ እናቷ ሄደች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ቦጊ የበረዳት መስሎኝ ነው።»

ቆቧን ዘረጋች። ቆቡ ውስጥ ድንቹ አለ።

እናቷ ድንቹን አየች። ጓሮ የነበረው ኳኳታም ቆመ፤ ጋሼ ጥላዬ በር ላይ ቆመው ነበር።

ኡምምምም… አለ ማቀዝቀዣው ብቻ።

ጋሼ ጥላዬ ጎንበስ ብለው ድንቹን ነኩት። አሁንም ለብ ያለ ነው። የት ነበር ያስቀመጥሽው አሏት፤ ትርንጎም ታችኛውን መደርደሪያ በጣቷ አሳየች።

ጋሼ ጥላዬ ፂማቸውን እየጎተቱ አሰቡ። ምናልባት የሞቃት ቦጊን ብቻ ይሆናል፤ ምናልባት ደግሞ ሙቀቱ ላይ ድረስ ሄዶ ይሆናል። ማየት አለብን አሉ።

ከቦርሳቸው የመስታወት ቴርሞሜትር አወጡ። እላይ፣ ከክትባቶቹ መሃል አስገቡት።

እናቷ ከድስቱ ሌላ ትኩስ ድንች አመጣች። ትርንጎ አሁን እንደ ቅድሙ አድርጊ ተባለች።

ትርንጎ ቦጊን ከነድንቹ ቆቡ ውስጥ ከተተች። በሩም ተዘጋ። ድብ!

ጠበቁ። ቆዩ። አሁንም ጠበቁ።

ላይ ድረስ ሞቆ ቢሆንስ? ዶማው በር ላይ ተደግፎ ቆሟል። ድው! ድው! ድው!

ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ! አለች ቦጊ።

ጢጥ! ጢጥ! አለ የእናቷ ስልክ። ጢጥ! ጢጥ! አለ የጋሼ ጥላዬ ስልክ።

በሩ ተከፈተ። የቦጊ መብራት ቀይ ሆኗል። ጋሼ ጥላዬ ቴርሞሜትሩን አወጡ፤ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አነበቡ።

ትርንጎ ትንፋሿን ያዘች። እናቷም ያዘች።

«አራት ዲግሪ» አሉ ጋሼ ጥላዬ። «እላይ ንቅንቅ አላለም፤ እንደ ቀዘቀዘ ነው። የሞቃት ቦጊን ብቻ ነው።»

እናቷ እፎይ ብላ ተነፈሰች። ክትባቱ ደህና ነው!

ቦጊ ከቆቡ ወጣች። ቀይ… ቀይ… ከዚያ አረንጓዴ። ቦግ… እልም። ቦግ… እልም።

ትርንጎ አንገቷን ደፍታ ቁጣውን ጠበቀች። እናቷም ተቆጣች። ያለ እኔ በሩን አትክፈቺ ብዬሽ አልነበረም ወይ አለቻት፤ ትርንጎም ነበር አለች።

ከዚያ እናቷ ቆቡን አራግፋ ራሷ ላይ አደረገችላት። ጆሮዋ ድረስ ሳብ አደረገችው።

«እኔም በጣም ፈርቼ ነበር» አለቻት፤ ጥብቅ አድርጋም አቀፈቻት።

ጋሼ ጥላዬ ደግሞ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሁለተኛውን ድንች በሉት። ሙቀቱን እየለካሁ ነው አሉ።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ዶሮውን ታቅፎ መጣ። ግቢው በቋ! ቋ! ቋ! ተሞላ።

ክትባቱ ዓይን ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ጠብ! ገብስማ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ ትርንጎን በቁጣ አየቻት።

ትርንጎ ጫጩቶቹን ተራ በተራ ያዘች። አንድ፣ ጠብ! ሁለት፣ ጠብ! ሦስት፣ ጠብ! አራት፣ ጠብ! አምስት፣ ጠብ! ስድስት፣ ጠብ! ሰባት፣ ጠብ!

ጓሮ የተቆፈረው ጉድጓድስ? ገብስማ አገኘችው። ሰባቱን ጫጩቶቿን ይዛ ገባችና አፈሩን ክንፏ ላይ እየበተነች ታጠበችበት።

በዚያ ምሽት ትርንጎ እናቷ ጎን ተኛች። ስልኩ መደርደሪያው ላይ ዝም ብሏል።

ቦጊ አሁን አይበርዳትም ወይ ብላ ጠየቀች።

«አይበርዳትም» አለች እናቷ። «አንቺ እኔ ጎን እንደሚመችሽ፣ እሷም እዚያ ነው የሚመቻት።»

ትርንጎ እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣች። እናቷም ገብቷት ትኩስ ድንች እጇ ላይ አደረገችላት።

ገብስማ ቅርጫቷ ውስጥ ተኝታለች። ከክንፏ ሥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።

የትርንጎ ዓይን ገለጥ… ክድን አለ። ገለጥ… ክድን።

ከዚያ ክድን እንዳለ ቀረ። ድንቹ እጇ ላይ ነበር፤ ሳይበላ አደረ።

ጠዋት ላይ የቀሰቀሳት የገዛ ጓሮዋ አውራ ዶሮ ነው። ኩኩሉ!