ከምላሷ ሥር ያለችው ክር

«ክላርኔት ማለት ይኼ ነው!» መምህር ኤፒፋንዮ በትራቸውን ወደ ሴናይዳ ቀሰሩ። «ሰማችሁ? ፈጣኗ ቦታ ላይ ድምፆቹ አንድ በአንድ ነው የወጡት። እሑድ ለበዓሉ ሶሎውን የምትነፋው እሷ ናት።»

ሴናይዳ አንገቷን ደፋች። ያንን ቦታ አልነፋችውም፤ ጣቶቿን ብቻ ነበር ያንቀሳቀሰችው። የነፋላት አጠገቧ የተቀመጠው ክሪሶፎሮ ነው። የራሱን የዜማ ድርሻ እየተወ እንዲህ ሲሸፍንላት ከርሟል።

በእነዚህ የሜክሲኮ የኦሃካ ተራሮች ልጅ ፊደል ሳይጨርስ ኖታ ይለምዳል፤ የመንደሩ ባንድ ውስጥ ሶሎ ማግኘት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ክላርኔት ላይ ድምፅን ከድምፅ የሚለየው የምላስ ጫፍ ነው፤ አፍ ውስጥ የምትገባዋን ስስ ሸምበቆ መታ መታ ያደርጋታል። የሴናይዳ ምላስ ግን ሲፈጥንባት ወደ ኋላ ይጎተታል። ድምፆቹም እንደ ቀለጠ ሰም ተያይዘው ይወጣሉ።

ውጭ እንደወጡ ክሪሶፎሮን እጁን ያዘችው።

«አንተ፣ ጉድ ሠራኸኝ እኮ!»

«ምን አጠፋሁ? አዳንኩሽ እንጂ።»

«ሶሎ ነው! ብቻዬን ቆሜ!»

«ኧረ ፈታ በይ! ከኋላሽ እቆማለሁ፤ አንቺ ጣትሽን፣ እኔ ትንፋሼን። ርችት እየተተኮሰ፣ ሰዉ ሞቅ ብሎት ማን ይነቃብናል?»

ቤት ስትደርስ እናቷ ወሬውን ሰምታ ለእሑድ የሚለበስ ሸሚዝ መጥለፍ ጀምራ ነበር። በማግሥቱ ሴናይዳ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ምላሷ ለምን እንደሚጎተት ለመጠየቅ ጤና ጣቢያ ጎራ አለች።

«ምላስሽን ወደ ላይ አንሺ» አለች ዶክተር ሬይና፣ ባትሪ እያበራች። ምላሷ ጥቂት ተነሳና መሐሉ ወደ ታች ተሳበ። «አሃ! ይቺን ከምላስሽ ሥር ያለች ክር ታውቂያታለሽ? ሁላችንም አለችን። ከንፈራችን ሥርም እንዲህ ያለች አለች። ሥራዋ ምላስ ከልኩ እንዳያልፍ መያዝ ነው፤ ያንቺ አጭርና ወፍራም ሆነችና ያዝ አድርጋ አስቀረችሽ።»

«ስወለድ አዋላጇ በጥፍሯ ልትቆርጣት ነበር አሉ። እማ ናት የከለከለቻት።»

«ደግ አደረገች፤ በጥፍር ተቆርጦ የሚደማና የሚመረቅዝ አለ። ካላስቸገረች ደግሞ አትነካም። አንቺን ስላስቸገረች አደንዝዤ ልቆርጣት እችላለሁ፤ ከእናትሽ ጋር ነይ። ከዚያ ግን ምላስሽን በየቀኑ ታለማምጃለሽ፤ አለዚያ ቁስሉ መልሶ ይይዝሻል። እስኪድን ክላርኔት የለም።»

«በዓሉ እኮ እሑድ ነው!»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አለች ዶክተሯ፣ ጓንቷን እያወለቀች።

ሴናይዳ መንገዱን ሙሉ ምላሷን ከላንቃዋ ጋር ስታታግል ሄደች። ስንት ጊዜ ሰነፍ ነኝ ብላ አልቅሳለች! የዚያ ሁሉ ምክንያት አንዲት ክር መሆኗ መጀመሪያ ደስ አሰኛት፤ ቀጥሎ አናደዳት። ማታ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ መርፌዋን ሸሚዙ ላይ ሰካች። «ከነገ ወዲያ ጤና ጣቢያ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች።

በማግሥቱ ሴናይዳ ልምምድ ቤት የገባችው ከሁሉም ቀድማ ነው።

«መምህር፣ አንድ ጊዜ ይዩኝ» ብላ አፏን ከፈተችና ምላሷን እስከቻለች አነሳች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። «ከዚህ አያልፍም። እስከ ዛሬ የሰሙት ክሪሶፎሮን ነው።»

ክሪሶፎሮ በሩ ላይ ደርሶ ክው አለ።

መምህር ኤፒፋንዮ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። «ሁለት ቀጣፊዎች!» አሉና ፊታቸው እንደተኮሳተረ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ታዲያ እሑድ ምን ልትሆኚ ነው?»

ሴናይዳ የሶሎውን ወረቀት ክሪሶፎሮ ፊት አኖረች። ክላርኔቷን ሳጥኑ ውስጥ አስተኝታ ዘጋችና ጥግ የተቀመጠውን ትልቁን ከበሮ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

«ለዚህ ምላስ አያስፈልግም» አለች።