ዝናብ ያላከበደው ኮርቻ

የፈረስ ውድድሩ ሹም ክራብትሪ፣ ኮርቻ በሚቀመጥበት ክፍል ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጆሮ ግንዱ ተፈርክሷል። የሟቹ ሥራ በጎበዝ ፈረስ ኮርቻ ላይ የእርሳስ ብረት አስጭኖ ከደካማው ጋር ማመጣጠን ነበር። በዮርክሻየር ሜዳ ያንን ሸክም «ሃንዲካፕ» ይሉታል፤ ቃሉ አካለ ጎዶሎም ማለት ነው። ሚዛን ጠባቂውን ኢላይ ሰግደንንም፣ ከፈረስ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ፣ ክራብትሪ በዚሁ ስም ይጠራው ነበር።

«ኢላይ ዱላም ቂምም አለው» አለ ፖሊሱ። «መሰቀሉ አይቀርም።»

ኢንስፔክተር ሆልሮይድን ነገሩ አልጣመውም። የኢላይ ዱላ ድቡልቡል ነው፤ ቁስሉ ግን ቀጥ ያለ ጠርዝ ነበረው።

«ስሙ አያናድድህም ነበር?» ሲል ኢላይን ጠየቀው።

«ፈረስ ሲጎብዝ ነው የሚጭኑበት፤ እኔን ከተሰበርኩ በኋላ ጫኑብኝ። ለምጄዋለሁ፣ ጌታዬ።»

የአሸናፊው ፈረስ ባለቤት ወይዘሮ ሩት ሄይግ ግን ሌላ ነገር አይታ ነበር። «ክራብትሪ ከውድድሩ በፊት ከናት ጋር ሲጨቃጨቅ ነበር። ፈረሴ ሦስቴ ቢሸነፍ ሸክሙን አቅልሎልን ነበር፤ ዛሬ ግን ፊቱን አጥቁሮ መጣ።»

ናት ፓይበስ ፈረሷን ጋልቦ ያሸነፈላት፣ የኢላይ የእህት ልጅ ነው። «ስለ አየሩ ነው ያወራነው» አለ።

ሆልሮይድ የሚዛኑን መዝገብ ሲያገላብጥ ቆይቶ ሦስቱንም ሰበሰባቸው።

«ጋላቢ ከነኮርቻው፣ ከነእርሳሱ ከውድድሩ በፊትም በኋላም ይመዘናል። ዛሬ ፈረሶቹ ሲነሡ ዶፍ ወረደ። አምስቱ ጋላቢዎች ልብሳቸውም ኮርቻቸውም ረጥቦ ሁለት ሁለት ፓውንድ ክብደት ጨምረው ተመለሱ። ናት ብቻ በሄደበት ክብደት መጣ። አንተ ላይ አልዘነበም?»

ናት እርጥብ ቆቡን አወለቀ።

«ዘንቦብሃል። ግን ከመጀመሪያው ሚዛን በኋላ ሁለት ፓውንድ እርሳስ ከኮርቻህ ጎድሏል፤ ዝናቡ ተካው። ፖሊሱ አሁን ከበረቱ ጀርባ፣ ከውሃ ጉድጓዱ አወጣው፤ ጠርዙ ከቁስሉ ጋር ይገጥማል። ፈረሱ ደካማ መስሎ ሸክሙ እንዲቀልለት ሦስቴ ልጓም ይዘህ አስቀረኸው። ዛሬ ተወራርደህ ልትበላ ስትል ክራብትሪ ነቃብህ።»

«ከሜዳው ሊያባርረኝ ነበር» አለ ናት።

ሆልሮይድ ወደ ኢላይ ዞረ። «ቁጥሩን የጻፍከው አንተ ነህ። ያኔውኑ ገብቶሃል። ገመድ አንገትህ ላይ ሲንጠለጠል ለምን ዝም አልክ?»

«እሱ ሙሉ ሰው ነው፣ ጌታዬ። እኔ ጎዶሎ ነኝ። ከሁለታችን አንዱ መሄድ ካለበት፣ ጉዳቱ ይነስ ብዬ ነው።»

ሆልሮይድ በሃያ ዓመት ሥራው እንዲህ አዝኖ አያውቅም። ናት «ተው አጎቴ» ይላል ብሎ ጠበቀ።

ናት እጁን ለካቴናው ሰጠና አጎቱን ቀና ብሎ አየው።

«ታዲያ ሁለት ፓውንድ ጨምረህ ብትጽፍልኝ ምን ነበረበት?» አለው።