ያልተገለበጠው ምርቃት

ስድስተኛው ሲዲም ዝም አለ።

ሀፍሷ የቴፑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገች። ምንም የለም። የሚሰማው ከውጭ የተሸካሚዎቹ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» ብቻ ነው።

«ጉዴ ፈላ!» አለች።

ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት የወንድሟ የሰሚር ሱቅ። የመስቀል ገበያ ከገባ ወዲህ ቁጭ ብላ ምሳ የበላችበትን ቀን አታስታውስም። ስድስቱንም የገለበጠችው ዓይኗ እየተከደነ ነው። ኦሪጅናሉን ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተች፣ ፎቶዎቹን አየች፣ ኮፒ አድርጋ ባዶ ሲዲ ላይ ጻፈች፤ አለቀ። ዲስኩ ግን የያዘው ሁለት ነገር ነበር። መጀመሪያ ላይ ፎቶ፣ ከፎቶው ኋላ ደግሞ እንደ ዘፈን ሲዲ የተቀዳ ድምፅ። ድምፁ ከፎቶዎቹ ጋር በኮፒ አይመጣም፤ ዲስኩ እንዳለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መገልበጥ አለበት። ይህን ያስተማራት ራሱ ሰሚር ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው እንግዲህ።

«ምን ሆንሽ?» አለ ሰሚር፣ የስልክ ከቨር እየደረደረ።

«የጋሼ ዱባለ ሲዲ ድምፅ የለውም። ስድስቱም።»

«ፎቶው ይከፈታል?»

«ይከፈታል።»

«በቃ ስጪያቸው አቦ! አገር ቤት ደርሶ እምቢ ካለ፣ ቴፓችሁ ነው የተበላሸው እንላለን። አንቺም ደክሞሻል፣ እኔም ደክሞኛል።»

እውነቱ ይነገር ከተባለ ሐሳቡ ደስ አላት። አሁን የምትፈልገው ቤቷ ገብታ መተኛት ብቻ ነው።

ጋሼ ዱባለ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ከጎን ባለው ተራ ብርድ ልብስ ይሸጣሉ።

«እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ? ደረሰልኝ? መኪናው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ገና ዘጠኝ ተኩል ነው ግን ልቤ አላርፍ አለኝ።» በርጩማው ላይ በቀስታ ተቀመጡ። «አርባ ዓመት ሙሉ መስቀልን እዚህ ውዬ አላውቅም። ዘንድሮ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ሐኪሙም መንገድ ከለከለኝ። እኛ ዘንድ ታላቅ ሳይመርቅ በሬው አይታረድም። ታላቁ ደግሞ እኔ ነኝ። ስድስት ወንድሞች አሉኝ፤ በየደጃቸው ሲዲው ይመርቅልኝ ብዬ ነው።»

ሀፍሷ ታያት። ቤተሰቡ ቆሞ፣ ቢላዋ የያዘው ሰውዬ እየጠበቀ፣ ቴፑ ዝም ሲል።

«አየሽው ልጄ? ይሠራል?»

«ኧረ ምን ጥያቄ አለው ጋሼ!» አለ ሰሚር ቀድሟት። ሲዲዎቹን በፌስታል አድርጎ አቀበላቸው።

ጋሼ ዱባለ ፌስታሉን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። «እደጉ፣ ተመንደጉ። እጃችሁ ይባረክ።»

«አሚን» አለ ሰሚር።

ሀፍሷ መዳፏን ዘረጋች። አሚን ልትል አፏን ከፈተች፣ ቃሉ ግን አልወጣ አላት።

«ጋሼ፣ አይመርቁኝ። ሲዲው ድምፅ የለውም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ሰሚርን አዩ። ሰሚር አንገቱን ደፋ።

«ድምፄ ጠፋ ማለት ነው?»

«አልጠፋም። ኦሪጅናሉ ላይ አለ። እንደገና እገለብጠዋለሁ፤ ይደርሳል።»

ጋሼ ዱባለ ፌስታሉን መለሱላትና ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

ሀፍሷ ዲስኩን እንዳለ ገለበጠችው፤ ፍጥነቱንም ቀነሰች። የመጀመሪያው ሲወጣ ቴፑ ውስጥ ከተተችው። የሽማግሌው ሻካራ ድምፅ ሱቁን ሞላው፤ ወንድሞቻቸውን በየስማቸው እየጠራ መረቀ። ጋሼ ዱባለ አቀርቅረው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«በቃ፣ ሠርቷል» አለ ሰሚር በሹክሹክታ። «የቀሩትን ዝም ብለሽ ገልብጪና ስጪያቸው። ሁሉንም እየሰማን ልናመሽ ነው?»

«የሚጠብቀው ስድስት ቤት ነው» አለች ሀፍሷ፣ ሁለተኛውን ባዶ ሲዲ እያስገባች።