ያልተለካው ዝምታ

«የትኛውን ልላክ?» አለች ታላቅ እህቷ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። «ማመልከቻው አንድ የተቀዳ ንግግር ከጥናቱ ጋር አያይዙ ይላል። ከመጨረሻዎቹ አንዱን ብልክ ደስ ይለኛል፤ ዝምታው ቁልጭ ብሎ የሚታየው እነሱ ላይ ነው።»

ድንቢጥ አልጋው ላይ በደረቷ ተኝታ የሒሳብ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር፤ ቢያንስ የምትሠራ መስላ ነበር። ይህን ስትሰማ እርሳሷ ከእጇ አምልጦ አልጋው ሥር ገባ። ድንቢጥ ያሏት በቁመቷ ማነስና በወሬዋ ብዛት ነው፤ ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቁመቷ ብቻ ነበር ያለው። ወሬው ጠፍቷል።

እህቷ ለሁለተኛ ዲግሪ፣ ለሥነ ልሳን ትምህርት እያመለከተች ነው። ሥነ ልሳን ምን እንደሆነ ድንቢጥ ለጓደኞቿ ስታስረዳ «ሰው እንዴት እንደሚያወራ ማጥናት ነው» ትላለች፤ እነሱም «ይሄማ ሐሜት ነው፣ እኛም እንችላለን» ብለው ይስቃሉ። እህቷ ግን ያጠናችው ወሬውን ሳይሆን በወሬው መሀል ያለውን ዝምታ ነው። አባታቸው ፀጉር አስተካካይ ነው። ደንበኞቹን አስፈቅዳ፣ መቅጃዋን ከመስታወቱ ሥር ከማበጠሪያዎቹ አጠገብ አስቀምጣ ጨዋታቸውን ቀዳች። ሐሳቧ አጭር ነበር፤ ሰው እሺ ሲል ይፈጥናል፣ እምቢ ሊል ሲል ግን በመጀመሪያ ዝም ይላል። ይህን በማስረጃ ማሳየት አለባት። አምና አመልክታ አልተቀበሏትም። ዘንድሮም ካልሆነላት ነገሩን እርግፍ አድርጋ ትታ ሥራ ልትፈልግ ለአባቷ ቃል ገብታለች። ማመልከቻው ደግሞ የሚዘጋው ዛሬ ማታ ነው።

ቅጂዎቹን እየሰሙ ወደ ጽሑፍ መገልበጡ የድንቢጥ ሥራ ነበር። ዋጋው ይህ ክፍል ነው፤ እህቷ ስትሄድ ክፍሉ ለብቻዋ ይሆናል። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው፣ ሲሠሩት ግን ነፍስ ያወጣል። እያንዳንዱን «እ...» እና እያንዳንዱን ሳል መጻፍ፣ ጸጥታ ሲሆን ወደ ኋላ መልሶ በሰከንድ መለካት፣ የፀጉር መቁረጫው ማሽን ሲጮህ ደግሞ እንደገና መስማት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን በሥርዓቱ ሠራች። እህቷ አይታ ከወንበሯ ዘላ ተነሣችና «አየሽ! እምቢ ሊል ሲል ዝም አለ!» ብላ አቀፈቻት።

የመጨረሻዎቹ ላይ ስትደርስ ግን ድንቢጥ ስልችት ብሏት ነበር፤ ጓደኞቿም ውጭ ቆመው ይጠሯታል። ቃላቱን ጻፈች፣ ዝምታውን ግን አልለካችም። እምቢታ ባለበት ሁሉ እህቷን ደስ የሚያሰኝ ዝምታ ከራሷ አፍልቃ አስገባችና ወጣች። ዝምታን ደግሞ ማን ይሰማዋል ብላ ነው። አሁን ሥራቸው መስማት የሆነ ሰዎች ሊሰሙት ነው።

«የመጀመሪያውን ላኪው» አለች፣ እርሳሱን ለመፈለግ አልጋው ሥር እንደጎነበሰች።

«ለምን?»

«አባባ ጥርት ብሎ ይሰማላ! የመጨረሻዎቹ ላይ ማሽኑ ይጮሃል። አቦ፣ ጆሮ ይበሳል!»

እህቷ ትንሽ አሰበች። «እውነትሽን ነው» አለችና ጠቅ አደረገች። «በቃ፣ ተያይዟል።»

ድንቢጥ በረጅሙ ተነፈሰች። እንዲህ በቀላሉ አመልጣለሁ ብላ አላሰበችም። ወደ ሒሳቧ ተመልሳ አንድ ጥያቄ ሠራች፤ ተሳሳተች፣ አጠፋችው፣ ደግማ ሠርታ ያንኑ ስሕተት ጻፈች።

ስልክ ጮኸ። አባታቸው ነው። ሁለቱም እንዲሰሙት እህቷ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ተላከ?»

«ገና ነው አባባ፣ እየጨረስኩ ነው።»

«ቶሎ በያ! የደንበኛዬን ጢም ባንድ በኩል ላጭቼ ነው የደወልኩት። ግማሽ ሰው ሆኖ ቁጭ ብሏል!» ከኋላ «ስለ እኔ ምን ተጻፈ?» የሚል ድምፅ መጣ፤ ፀጉር ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «ድንቢጥስ አለች? እሷ ባትኖር ይሄ ሁሉ አይሆንም ነበር። የኔ ጎበዝ!»

«እሺ አባባ» አለች ድንቢጥ። 

ስልኩ እንደተዘጋ እህቷ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች። «እስቲ የመጨረሻውን አንቀጽ ላንብብልሽ፣ ጆሮን ካልጎረበጠ እልከዋለሁ። ‹በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ላይ ዝምታው አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። በመጨረሻዎቹ ላይ ግን አንድም ጊዜ ሳይዛነፍ ይደጋገማል፤ የዚህ ጥናት ዋና ማስረጃም እነሱ ናቸው።› እንዴት ነው?»

የድንቢጥ ጆሮ ጭው አለ። ዋና ማስረጃ! የሷ ውሸት ዳር ላይ የተቀመጠች ትንሽ ነገር መስላት ነበር። እህቷን ቢቀበሏት አንድ ቀን የቀሩትን ቅጂዎች አምጪ ይሏታል፤ ያን ቀን ውሸታም የምትባለው እህቷ ናት። አሁን ብትናገር ደግሞ ማመልከቻው ዛሬ ላይደርስ ነው። ሌላም ነገር ነበር፣ ለማንም ያልነገረችው። ክፍሉን እንጂ የእህቷን መሄድ አትፈልገውም። እህቷ ይህን ብታውቅ «እንዳልሄድ ሆን ብለሽ ነው» ትላታለች ብላ ፈራች።

«ጥሩ ነው» አለች።

«በቃ ልልከው ነው።» እህቷ ወንበሯ ላይ ተስተካከለችና ፀጉሯን በሁለት እጇ ሰብስባ ማሰር ጀመረች። እንደ ዋዛም ጠየቀች፤ «ሁሉንም እየሰማሽ ነው አይደል የለካሽው?»

«አዎ» ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሷል። ፈጥና ካለችው ያልፋል፤ ይህን ያስተማረቻት ራሷ እህቷ ናት። ድንቢጥ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ውጭ አንድ መኪና ጥሩንባውን ነፋ። የጎረቤት በር ተከፍቶ ተዘጋ። ድንቢጥ አልቸኮለችም። ዝም እንዳለች ቆየች።

የእህቷ እጆች ፀጉሯ ላይ ቀሩ። ቀስ ብላ ዞረች።

«የትኞቹን?» አለች።

«የመጨረሻዎቹን። ቃሉን ሰምቼ ነው የጻፍኩት። ዝምታውን ግን... ከራሴ ነው።»

እህቷ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሰዓት አየች፣ አንቀጿን አየች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«እኔስ አሁን ምን ልሁን?»

 ድንቢጥ ተነሥታ ሌላውን ወንበር ጎተተች፣ ማዳመጫውን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችና ከመጨረሻዎቹ ቅጂዎች የመጀመሪያውን ከፈተች። የማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ጆሮዋ ውስጥ ከታ ሌላውን ለእህቷ ዘረጋችላት። እህቷ አልተቀበለቻትም። ጫፉ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

ቅጂው ውስጥ መቀሱ ቅጭ ቅጭ ይላል። አንድ ደንበኛ «ነገ በጠዋት ትከፍትልኛለህ?» ብሎ አባታቸውን ጠየቀ።

«አልከፍትም» አለ አባታቸው፣ ሰውየው ጠይቆ ሳይጨርስ።

ድንቢጥ ወደ ኋላ መልሳ ደግማ ሰማችው። እህቷን ቀና ብላ ማየት አልደፈረችም። እዚያ ቦታ ላይ ያስገባችውን ዝምታ ሰረዘችና በምትኩ ዜሮ ጻፈች።

እህቷ ዜሮውን አየችው። ዋና ማስረጃ የሚለውን አንቀጽ ከላይ እስከ ታች አጠፋች። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ የወደቀውን ማዳመጫ አነሣችና ጆሮዋ ውስጥ ከተተችው።

«ቀጥዪ» አለች።