የዘለቀ ከረጢት

ሳጅን ትርንጎ እንደ ሁልጊዜዋ የተኩስ ጠረጴዛውን ነቅነቅ አድርጋ ፈተሸች፣ ከአጭሩ እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ሸጎጠች፣ ጠመንጃዋን የምታሳርፍበትን የአሸዋ ከረጢት ስታነሳ ግን ስፌቱ ተተረተረና አሸዋው ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ተናደደች። የፖሊስ ተኩስ ቡድኑ ምርጫ ቅዳሜ ነው። ከወደቀች ወደ ጠረፍ ትዛወራለች፤ ትንሿ ልጇ ናርዶስ ደግሞ ጆሮዋን እናቷ ደረት ላይ ለጥፋ ልቧን ካልሰማች እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም።

ዕቃ ቤት የቀረው አንድ ከረጢት ብቻ ነበር፤ በተኩስ ከቡድኑ ሁሉ ይበልጥ የነበረው ዘለቀ በእጁ የሰፋው፣ የቆዳ። ዘለቀ ባለፈው ዓመት እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ጉንጩን ሰደፉ ላይ እንዳሳረፈ፣ የተኛ መስሏቸው ሲቀሰቅሱት ነው ሞቶ የተገኘው።

«የሟች ዕቃ ተይው» አሉ አሠልጣኙ ኢንስፔክተር ይርዳው።

«አሸዋ እኮ ነው አለቃ። ሌላ ከየት ላምጣ?»

ማለዳው ያንዘፈዝፋል፤ የተኩስ ቦታው የተተወ የድንጋይ ካባ ስለሆነ ከገደሉ የሚወርደው ነፋስ የባሩድና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ይዞ ይመጣል። ከረጢቱ ግን ሰው አሁን የተነሳበት አልጋ ይመስል ለብ ያለ ነበር። የትርንጎ ችግር የታወቀ ነው። በማነጣጠሪያው መነጽር ውስጥ ያለው መስቀል በልቧ ምት ልክ እየዘለለ ዒላማ ያስታታል።

«ጠመንጃውን አትጨምድጂው» አሉ ይርዳው። «ክብደቱን አሸዋው ይሸከም። ትንፋሽሽን አውጪና ቀስ ብለሽ ምላጩን ሳቢ።»

ሳበች። ዝላዩ ትንሽ ቀንሷል። በማግስቱ ይበልጥ ቀነሰ፣ ዒላማው ላይ የጥይቶቿ ቀዳዳዎችም እየተጠጋጉ መጡ። ጣቶቿ ግን ፀሐይ ላይ እንኳ አልሞቅ አሏት፤ የካባውን ዳገት ሮጣ ወጥታ ልቧ ድው ድው አለማለቱ ገረማት። ማታ ናርዶስ ጆሮዋን ለጥፋ ብዙ ቆየች።

«እማዬ፣ ልብሽ ሩቅ ሄደ።»

«ደክሞኝ ነው የኔ ቆንጆ። ተኚ።»

እሷ ግን አልተኛችም። ፈርታለች። ከረጢቱን ልትመልስ ቆረጠች፤ ጠረፉን ስታስበው ደግሞ ተወችው።

ቅዳሜ መስቀሉ ዒላማው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥይቶቿ ሁሉ በአንድ ቀዳዳ ገቡ።

«ገብተሻል!» አሉ ይርዳው። «እንዲህ ያለ እርጋታ ያየሁት ዘለቀ ላይ ብቻ ነው።» እጇን ጨበጡና ቶሎ ለቀቁት።

ትርንጎ ከረጢቱን ስታነሳው በመዳፏ ሥር የሆነ ነገር ገፋት፣ ረገበ፣ ደግሞ ገፋት። ልትጥለው አልሆነላትም። በፎጣ ጠቅልላ፣ እንዳይጋጭባት በሁለት እጇ አቅፋ ቤቷ ወሰደችውና ቁም ሳጥኑ ሥር አስቀመጠችው።

ሲመሽ ናርዶስ እንደ ልማዷ ጆሮዋን እናቷ ደረት ላይ ለጠፈች። ወደ ግራ ፈለገች፣ ወደ ቀኝ ፈለገች። ትርንጎ ትንፋሿን ያዘች፤ መልሳ መተንፈስ እንዳላስፈለጋት የገባት ዘግይቶ ነው። ልጅቷ ከአልጋው ወርዳ በጨለማው ውስጥ ዳበስ ዳበስ እያለች ፎጣውን ገለጠች፣ ጆሮዋን ቆዳው ላይ አሳረፈችና «እማዬ፣ እዚህ ነሽ እንዴ» ብላ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።