ልጄን ማን አዘላት?

እኔ የሙት መንፈስ ወሬ ሲወራ ሰምቼ የማልጨርስ ሰው ነኝ፤ ያለ አስተማሪ ከመጽሐፍ የተማርኩ ስለሆንኩ ምክንያት የሌለውን ነገር አልቀበልም፣ ይህን የምነግርህም ስለማምንበት ሳይሆን ስለሆነ ነው።

ልጄ ልያ አምስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ከሞተች ዓመት አልፏል። ልጅ ተራራ መውጣትን በሕፃንነቱ መልመድ አለበት ብዬ ስለማምን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀርመን አገር ከምንኖርበት ሰፈር ከጋሉስ ተነስተን በባቡርና በአውቶቡስ ወደ ፌልድበርግ ተራራ እንሄድ ነበር። ሕጌ አንድ ነው፦ መሄድ የቻለ ልጅ አይታዘልም። ሚስቴንም በዚህ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ደረጃ ላይ ባገኙን ቁጥር፣ "አንተ ሰው፣ ልጅቷን ለውትድርና ነው እንዴ የምታሠለጥናት?" ይሉኛል። "ለኑሮ ነው" እላቸዋለሁ።

ባለፈው ጥቅምት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጫፉ ላይ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ጭጋግ ወረደ።

"ፓፓ፣ ካን ኒሽት መር" አለች፤ አልችልም ማለቷ ነው።

"ትችያለሽ!" ብዬ፣ እንድትከተለኝ ሆን ብዬ ቀድሜ ሄድኩ፣ ስታለቅስም ዞር አላልኩም፣ እውነቱን መናገር አለብኝ። ልቅሶው ድንገት ሲቆም ዞርኩ። የለችም።

እየጮህኩ ወደ ታች ሮጥኩ፣ ጭቃው ላይ የትንሽ ጫማዋ ዱካ አንድ ቦታ ሲደርስ ያበቃል፣ እመነኝ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አይወጣም። ከዚያ ከበላዬ ድምፅ ሰማሁ፣ የታዘለ ሕፃን መታ መታ ሲደረግ የሚሰማው ዓይነት፣ ከእሱም ጋር ቀስ ያለ እንጉርጉሮ። ሽቅብ ሮጥኩ።

ልያ ጫፉ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ ከብዶ ተቀምጣለች።

"ማን አመጣሽ?"

"አዘለችኝ" አለች፣ ከእኔ ጋር በጀርመንኛ ብቻ የምታወራው ልጅ፣ በጥሩ አማርኛ።

"ማን?"

"'ዝም በይ፣ አባትሽ እንዳይሰማ' አለችኝ። እንደ ድሮው።"

እንደ ድሮው! ለካ ሦስታችን ማይን ወንዝ ዳር ስንራመድ፣ እኔ ቀድሜ ስሄድ፣ ሚስቴ ከኋላዬ ታዝላት ኖሯል። ይህን ያህል እንደፈራችኝ ነው የሞተችው።

ተራራውን ትተናል። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ስንመለስ ጎንበስ ብዬ "ነይ ላዝልሽ" እላታለሁ።

"ናይን፣ ፓፓ። አንተ ቅደም።"

እቀድማለሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ የእግሯ ኮቴ ከኋላዬ ይጠፋል። አልዞርም።