ካሴቱ ውስጥ የቀረው ዝምታ

መምህር ባንወርዳን እግሩን ወደ በሩ፣ ራሱን ወደ ደብተሮቹ አድርጎ ተዘርሯል። ቀኝ እጁ እስክሪብቶውን እንደጨበጠ ደርቋል። ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በማርዋር በረሃ አሸዋ ላይ ከመንደር መንደር እየዞረ የማርዋሪ ቋንቋን ቃላት ሲለቅም ኖሯል። ናጎር ላይ እንዲህ የሚባለው ነገር ጃይሳልመር ላይ ምን ይባላል? ቢካኔርስ? ሰው ሁሉ ሲስቅበት እሱ ይጽፍ ነበር። ለሁለት ወር ያረፈው ኬማራም የሚባል ገበሬ ግቢ ውስጥ፣ በእንግዳ ጎጆው ነው። የሞተውም እዚያው ነው።

መርማሪ ዳፑ ቾውድሪ ጎንበስ ብላ አጠገቡ ያለውን የአሬራ ገንቦ አሸተተች። ዳፑ ማለት «በቃኝ» ማለት ነው፤ አባቷ ሰባተኛ ሴት ልጅ ሲወለድለት ተማርሮ ያወጣላት ስም ነው። ሥራ ላይ ግን በቃኝን አታውቅም።

«የከሙን ማሳ ተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ነው» አለች።

«እኔም ያልኩት እሱን ነው፣ አለቃዬ!» አለ ቀድሟት የደረሰው አምሳ አለቃ ባድሪላል። «ጉዳዩ አልቋል። አሬራውን ያመጣችለት ሲሬ የምትባል መበለት ናት። እስር ቤት አስገብቻታለሁ። ስትጠየቅ ትንፍሽ አትልም። ንጹሕ ሰው እንዲህ ዝም ይላል?»

«ስትጠይቃት ማን ማን ነበር?»

«እኔ፣ ሁለት ፖሊሶች፣ የግቢው አባወራ ኬማራም። የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ባሏ ከዓመት በፊት ጉድጓድ ሲጠርግ ገመድ ተበጥሶበት ሞተ። የባሏ አባትም በሕይወት የሉም፤ እሷንም ልጇንም የያዘው ዋርሳዋ ነው።»

ዳፑ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አሮጌ ቴፕ አየችው። ካሴቱ እስከ መጨረሻው ዞሮ ቆሟል።

«ይህንን ሰማኸው?»

«ሰማሁት። የሴት ወሬ ነው፤ ስለ ገመድ፣ ስለ ንፋስ። ግማሹ አልገባኝም። እኔ የጃይፑር በኩል ሰው ነኝ፤ የነዚህን የአሸዋ ሰዎች አነጋገር ፈጣሪ ይፍታው።»

ዳፑ መጀመሪያ ያነጋገረችው ሱመርማልን ነው። ከጆድፑር የመጣ የቋንቋ መምህር ሲሆን፣ በሞቱ ዕለት ቀትር ላይ ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል።

«ተጣልታችሁ ነበር?» አለችው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ! እኔ መዝገበ ቃላቱ የጆድፑርን አነጋገር ይከተል እላለሁ። እሱ የግመል እረኛውም የመኳንንቱም ቃል እኩል ይቀመጥ ይላል። እንደ በቅሎ ግትር ነበር።» ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «አሁን ከማን ጋር ልጣላ?»

«ስትገባ ሲሬ እዚያ ነበረች?»

«ነበረች እንጂ! አላገጠችብኝ። የጆድፑር ሰው ሲናገር አፉ ውስጥ ስኳር ያለ ይመስላል አለችኝ።»

ኬማራም ደግሞ ቀይ ጥምጥሙን አስተካክሎ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ተቀበላት። ትልቅ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«ልጄ፣ እኔማ ከማለዳ ጀምሮ ናጎር ከብት ገበያ ነበርኩ። ጀምበር ስትጠልቅ ስመለስ ሬሳ ጠበቀኝ።»

«ምን ገዙ?»

«ዋጋው አልተስማማኝም። ባዶ እጄን ተመለስኩ።»

«ሲሬ መምህሩን ለምን ትገድላለች ብለው ያስባሉ?»

«የሴት ሆድ ማን ያውቃል?» ፈገግ አለ። «ያቺን ሕፃን ግን እኔ አሳድጋለሁ። ምን ይደረግ፣ የወንድሜ ደም ናት።»

ዳፑ ይህን ቸርነት አላመነችውም። ሲሬን ከእስር ቤት አስወጥታ ለብቻዋ አነጋገረቻት። ሴትየዋ ነጠላዋን እስከ አገጭዋ ጎትታ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትለመን ከአፏ የወጣው ይህ ብቻ ነው፦

«ልጄ እነሱ ቤት ናት።»

ዳፑ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀቻትም። ጣቢያ ገብታ በሩን ዘጋችና ካሴቱን ከፈተችው። እናቷ እንደ ሲሬ የጃይሳልመር በኩል ልጅ ስለነበረች ለባድሪላል ያልገባው ለእሷ ይገባታል። ሲሬ ትስቃለች። ሱመርማል ገብቶ ይጮኻል፣ ሲሬ ታሾፍበታለች፣ እየተቆጣ ይወጣል። መምህሩ ስለ ገመድ ዓይነቶች ይጠይቃታል። ከእያንዳንዱ ቃል ጋር የሲሬ ድምፅ እየከበደ ይሄዳል። «ባሌ የሞተበትን የግመል ጠጉር ገመድ የፈተልኩት እኔ ነኝ፣ አባባ። የግመል ጠጉር ሲያረጅ ይላላል፣ ይተረተራል። ያ ግን ጫፉ እንደ ተላጨ ጭንቅላት ልሙጥ ነበር።» ከግድግዳው ውጭ አንድ ሰው ይስላል። መምህሩ ወሬውን ወደ ንፋስ ስሞች ይመልሰዋል። ሲሬ ስለ በጋው ንፋስ መናገር እንደጀመረች የጫማ ኮቴ ይሰማል። ቃሏን ከግማሽ ላይ ትተወዋለች።

«ና ግባ፣ ተቀመጥ» ይላል መምህሩ። የገባው ሰው አይመልስም። ሲሬ በሹክሹክታ፣ ለመምህሩ ብቻ፦ «አባባ፣ አሬራ አለ፣ ይጠጡ በላቸው።» መምህሩም፦ «አሬራ አለ፣ ጠጣ ትልሃለች።» የገንቦ ክዳን ኳ ይላል። የሚጠጣ ሰው ድምፅ ግን የለም። ኮቴው ይወጣል፤ ካሴቱም እዚያ ላይ ያልቃል።

ዳፑ ሦስት ጊዜ ሰማችው። ከዚያ ባድሪላልን ጠራችው።

«ነገ ከቀትር በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰብስብልኝ። ከዚያ በፊት ግን የሲሬን ልጅ አምጣልኝ። የሚከለክልህ ካለ እሰረው።»

በማግሥቱ መንደርተኛው የኬማራምን ግቢ ሞላው። ሴቶቹ በአንድ ጥግ ተከናንበው፣ ወንዶቹ በሌላው ጥግ ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ። ሲሬ መሐል ላይ ናት፤ የአምስት ዓመቷ ማንጊ ከዳፑ ጎን ቆማለች። ዳፑ ካሴቱን ለሁሉም አሰማቻቸው።

«ይህ የገባው ሰው ማን ነው?» አለች። «አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የቴፑን ቀይ መብራት አይቶ እንደሚቀዳ ስላወቀ፣ አፉን ከዘጋ የሚያገኘው የሌለ መሰለው። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። መምህሩ ሲሬ የተወለደችበት መንደር ሰው ነው። በአባቷ አገር ሰው ፊት ሴት ልጅ አትከናነብም፣ አትፈራምም። ለዚህ ነው እንደ ልቧ የምትስቀው። ሱመርማል ሲገባስ ዝም አለች?»

«ኧረ ሰድባኛለች!» አለ ሱመርማል። ጥቂት ሰው ሳቀ።

«ባዳ አያዘጋትም ማለት ነው። የጎረቤት ወንድ ሲገባ ትከናነባለች እንጂ ድምጿን አታጠፋም። እናንተ ሴቶች፣ ንገሩኝ፦ የጀመራችሁትን ቃል ከግማሽ የምትተዉት፣ አሬራ እንኳ በሌላ ሰው አፍ ጠጡ የምትሉት ለማን ነው?»

ከሴቶቹ ጥግ አንዲት አሮጊት ሳታስበው መለሰች፦

«ለባል አባት ነው። ለባል ታላቅ ወንድምም።»

«እኔም እዚህ ዩኒፎርም ለብሼ ስጮህ ታያላችሁ እንጂ፣ ባሌ ቤት ስገባ ለዐሥራ አንድ ዓመት በታላቅ ወንድሙ ፊት ተንፍሼ አላውቅም። ባድሪላልም ሲጠይቃት ኬማራምን አጠገቧ አስቀምጦ ዝም አለች ብሎ ወነጀላት። የሲሬ ባል አባት ሞተዋል። የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያች ሰዓት ናጎር ነበርኩ ብሎኛል።»

ሰው ሁሉ ወደ ኬማራም ዞረ።

«ከግድግዳው ውጭ ሆኖ የገመዱን ነገር ሰማ። ከመጋዘኑ መድኃኒቱን ይዞ ተመለሰ። ሲሬ እንደ ወጉ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ክዳኑን ከፈተ፣ ጨመረ፣ ወጣ። ከዚያ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! መምህሩ ይሞታል፣ እሷ ትታሰራለች፣ ስለ ገመዱ የሚያወራ አይኖርም።»

ኬማራም ቀስ ብሎ አጨበጨበ።

«ጥሩ ተረት ነው፣ ልጄ። ግን የትኛው ዳኛ ነው ዝምታን ምስክር አድርጎ የሚፈርድ?»

መንደርተኛው ተንሾካሾከ። ባድሪላል ጎሮሮውን ጠረገ። ሰውዬው ልክ ነበር፤ ዳፑም ይህን ታውቃለች።

«ዳኛ ዝምታ አይሰማም» አለች። ማንጊን አቅፋ ወስዳ ሲሬ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። «ልጅሽ ይቻት። ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይወስዳትም፤ እኔ አለሁ። መናገሩም ዝም ማለቱም የአንቺ ነው። አላስገድድሽም።»

ሲሬ ልጇን አጥብቃ ያዘች።   ከዚያ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገፈፈችው። ሴቶቹ «እዩዩ!» አሉ፤ አንዲቷ በድንጋጤ የራሷን ፊት ሸፈነች።

«ኬማራም!» አለች ሲሬ።

በዚያ መንደር የባሏን ታላቅ ወንድም ስም የጠራች ሴት ታይታ አትታወቅም። ሰውዬው በጥፊ እንደተመታ ወደ ኋላ አለ።

«ዝም በይ! አንቺ ባለጌ፣ ዝም በይ!»

«ኮቴህን አውቀዋለሁ። ሰባት ዓመት መሬት መሬት እያየሁ ከእግርህ በቀር ምን አይቼልህ አውቃለሁ? የገባኸው አንተ ነህ። የእርሻ ድርሻውን ልትጠቀልል ገመዱንም የቆረጥከው አንተ ነህ፤ ባሌ ጉድጓድ ሲወርድ አፋፉ ላይ ከአንተ በቀር ማንም አልነበረም። ጫፉን ከጎተራው ሥር ቀብሬዋለሁ። ሂዱና አውጡት!»

ባድሪላል ቀድሞ ወደ ጎተራው ሮጠ። ኬማራም ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ሁለቱ ፖሊሶች ክንዱን ያዙት። ሲሬ ግን አላቆመችም። ስለ ባሏ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ መምህሩ፣ የሆነውን ሁሉ እየጮኸች ተናገረች። ማንጊ የእናቷ ድምፅ በዚህ ግቢ ውስጥ እንዲህ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም ነበርና፣ ቀና ብላ አፏን አፏን ታያት ጀመር።